ሳጥኑ ያስቀመጠው

አዋላጇ የሞቱት ከአልጋቸው ወርደው፣ በደረታቸው እየተሳቡ፣ በሩ ላይ ሊደርሱ አንድ ክንድ ሲቀራቸው ነው። ቀኝ እጃቸው ወደ ፊት ተዘርግቷል። ግራው አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለችውን መጥሪያ ጨብጦ ስለቀረ ፖሊሶቹ ጣቶቻቸውን አንድ ባንድ ማላቀቅ ነበረባቸው። መጥሪያዋ እንቁላል የምታክል ነጭ ፕላስቲክ ናት። በጀርባዋ ትንሽ መስኮት አላት፤ በዕለቱ ስንት ጊዜ እንደተጫኗት እዚያ ላይ ይጻፋል። ሠላሳ ሰባት ይላል።

"ሠላሳ ሰባት?" አለች ሳጅኗ። "ሠላሳ ሰባት ጊዜ ተጣርተው ሰው አጡ?"

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ መስኮቷን አየ። ጣቢያው ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ አባ ቀስ ነው የሚሉት። ሌላው መርማሪ ሦስት ፋይል ዘግቶ ምሳውን ሲበላ እሱ ገና የመጀመሪያውን በር እያንኳኳ ነው የሚገኘው። ሃያ ስድስት ዓመት ሬሳ ያየ ሰው ነው፤ አይደነግጥም። ይቺን ቁጥር ግን ባያያት ይመርጥ ነበር።

የሟቿ ሳንባ ካረጀ ቆይቷል። በየጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ አክታው ይነሳና ትንፋሻቸውን ይይዘዋል። ያኔ አንድ ሰው መጥቶ ቀና አድርጎ ያስቀምጣቸዋል፣ የኦክስጅን ማሽኑን ያበራል፣ ጭምብሉን ያጠልቅላቸዋል። ሥራው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። የሰፈሩን ግማሽ ሕፃን በእጃቸው የተቀበሉ ሴት ይህችን አንድ ደቂቃ የሚሰጣቸው አጡ።

"ምን ያህል ጊዜ ወሰደባቸው?" ሲል አባ ቀስ ጠየቀ።

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ "ግማሽ ሰዓት ይሆናል፤ ምናልባትም በላይ" አለ። "ሞት አልቸኮለላቸውም።"

ሞግዚቷ ወጥ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላለች፤ ክንዷ ላይ ያለው የሳሙና አረፋ ገና አልደረቀም። ስድሳውን ያለፈች ቀጭን ሴት ናት። እዚህ ቤት የገባችው የዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ ታናሹ ልጅ በተወለደ በወሩ ነበር፤ እናትየው ሰው ሊያዋልዱ ሲሮጡ እሱን ያሳደገችው እሷ ናት። ልጆቹ ካደጉ በኋላም አልወጣችም፤ እናትየውን ማስታመም ጀመረች።

"የት ነበሩ?" አላት አባ ቀስ።

"ጓሮ፣ ልብስ ማጠቢያው ጋ። ረቡዕ አንሶላ ነው የማጥበው።"

"ደወሉስ?"

ከሽርጧ ኪስ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አዋላጇ መጥሪያዋን ሲጫኑ የሚጮኸው ይህ ነው። "እዚሁ ኪሴ ውስጥ ነበር። መብራቱን ሦስቴ አይቼዋለሁ፤ አረንጓዴ ነው፤ ይሠራል ማለት ነው። አልጮኸም ጌታዬ። እግዜር ያየኛል፣ አልጮኸም።"

"የልብስ ማጠቢያው ማሽን ጮኾ ሳይሰሙት ቀርተው ይሆናላ።"

"ኧረ ይሄ ደወል የሞተ ይቀሰቅሳል" አለችና ያለችው ነገር ሲገባት አፏን በሽርጧ ያዘች።

"አራት ሰዓት ላይ እንደሚያማቸው እያወቁ፣ ለምን ራስዎ ገብተው አላዩዋቸውም?"

"አይወዱም። 'ሳልጠራሽ አትምጪብኝ፣ ገና ሬሳ አልሆንኩም' ነው የሚሉኝ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሕመሙ ሳይመጣ ያልፋል። ዛሬም ያለፋቸው መስሎኝ... አምስት ሰዓት ሲሆን አላስችለኝ አለ። ገባሁ።"

ታናሹ ልጅ የኔትወርክ ባለሙያ ነው። ያን ቀን በመኪና ስምንት ሰዓት በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ሥልጠና እየሰጠ ነበር፤ በአውሮፕላን ተሳፍሮ ማምሻውን ደረሰ። ሐሙስ ጠዋት አባ ቀስና ሳጅኗ ወደ ቤቱ ሲመለሱ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ በተቀመጠበት ሳሎን መሐል ቆሞ ጠበቃቸው።

"መጥሪያዋን ይዛችኋል? ሞክሯት እስቲ" አለ።

ሳጅኗ ከፖሊስ ከረጢት አውጥታ ተጫነቻት። ወጥ ቤት የተቀመጠው ደወል ጩኸቱን ለቀቀው፤ ቤቱ ተናጋ። ታላቂቱ እህት፣ ፋርማሲስቷ፣ ጆሮዋን ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች።

"ይኸው! ምን ሆነና?" አለ ታናሹ። "ደወሉ በጎኑ የድምፅ መዝጊያ አለው። ሴትዮዋ ዘግታ ነው ሥራዋን ስትሠራ የነበረችው። የዛሬ ሦስት ሳምንትም እንዲሁ አድርጋ እናቴን ለጥቂት ነው ያልገደለቻት። ያኔ 'ትባረር' ሲባል የለመንኩላት እኔ ነኝ። እጄን ይቁረጠው!"

ሞግዚቷ ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፋች። በዚያው ቀን የጣቢያው አዛዥ እንድትያዝ አዘዘ። ካቴናው ሲገባላት ለሳጅኗ በጆሮዋ የነገረቻት ነገር ቢኖር "ልጁ ቁርስ አልቀመሰም፤ አንድ ሰው ይየው" የሚል ነው።

አዛዡ ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገው። "አባ ቀስ፣ ይቺ ቀላል ናት። መጥሪያው ይሠራል፣ ደወሉ ይሠራል፣ ሴትዮዋ አልመጣችም። ከዚህ በፊትም አድርጋዋለች። ሰኞ ጠዋት ፋይሉ ወደ ዓቃቤ ሕግ ይሄዳል።"

"በእሷ ዕድሜ ከገባች አትወጣም" አለ አባ ቀስ።

"ታዲያ እኔ ምን ላድርጋት? ልጅ እንድትሆን ልመርቃት? እስከ ሰኞ ሌላ ነገር ካለህ አምጣ፤ ከሌለህ ፈርምና ገላግለን።"

አባ ቀስ አልፈረመም። ምን እንደሚያመጣም አያውቅም። ያቺ ቁጥር ብቻ ጭንቅላቱ ውስጥ ገብታ ሰላም ነስታዋለች። ሰው ድምፅ ዘግቶ ሥራ ሊሠራ ይችላል፣ ክፋትም አይጠፋም፤ ግን ድምፅ የዘጋ ሰው መብራቱን ሦስቴ ምን ቆርጦት ያያል?

ከአዋላጇ ቤት ጋር አጥር የሚጋራ ጡረተኛ ሹፌር አለ። መስኮቱ ሥር ወንበር አድርጎ መንገዱን ሲቆጣጠር ነው የሚውለው፤ ጥያቄ እስኪጠየቅም አልጠበቀ።

"እህትየዋን መርምሯት" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ፋርማሲ ነበርኩ ብላችኋለች አይደል? መኪናዋን ረቡዕ በአራት ሰዓት በር ላይ አይቻታለሁ። በእነዚህ ዓይኖቼ! ሮጣ ስትገባ።"

ሳጅኗ ደስታዋን መደበቅ አቃታት፤ በቀጥታ ወደ ፋርማሲው በረሩ። የፋርማሲው ካሜራ ግን ረቡዕ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት እህትየዋ ከመደርደሪያው ጀርባ ንቅንቅ እንዳላለች ያሳያል። ካሜራው ይዋሻል እንዳይባል፣ መድኃኒት የገዛው ሰው ሁሉ ደረሰኝ ይዟል።

"ጎረቤትዎ ረቡዕ በአራት ሰዓት አየኋት ብሎ ይምላል" አላት አባ ቀስ።

"አይዋሽም፤ ቀኑ ነው የጠፋው" አለች ፋርማሲስቷ። ዓይኗ አብጧል። "የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ማክሰኞ ነው። መነጽሬን ረስቼ ተመለስኩ። ስገባ እማዬ ፊቷ ጠቁሯል፤ መጥሪያዋን እየተጫነች ነው። ማሽኑን ያበራሁላት እኔ ነኝ። መነጽሬን ባልረሳ ያን ቀን ነበር የምትሞተው።"

"ያን ቀንስ ደወሉ ጮኾ ነበር?"

"አልጮኸም። ሞግዚቷ አጠገቤ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ትልጥ ነበር፤ ደወሉ ፊቷ ተቀምጧል። እኔም አልሰማሁትም።" ይህን ስትናገር ራሷም ቆም አለች። "ማታ ወንድሜ ሲሞክረው ሠራ። ባትሪ ነው አለን። ከዚያ ውሎ አድሮ ሞግዚቷ ናት ዘግታው ነው ማለት ጀመረ፤ እኛም ተቀበልን። ሰው ላይ መለጠፍ ይቀላል መሰለኝ።"

"ያን ቀን ወንድምዎ የት ነበር?"

"ክፍሉ ውስጥ። ቤት ሆኖ ነበር የሚሠራው።"

አባ ቀስ ማስታወሻውን ኪሱ ከተተ። ሁለት ጊዜ አልጮኸም፣ ሁለቱንም ጊዜ በኋላ ሲሞከር ይጮኻል። ባትሪ እንዲህ ያለ ጸባይ አለው ብሎ ማን ያምናል?

ዓርብ ዕለት ታናሹን ልጅ ክፍሉ ውስጥ አገኘው።

"እኔ ከዚህ ነገር ቤሳ አላውቅም" አለው አባ ቀስ ወንበር ስቦ። "መጥሪያዋ እናትዎ አንገት ላይ ናት፣ ደወሉ ጓሮ። በመካከላቸው ምን አለ?"

"ራውተሩ አለ፤ ኢንተርኔቱን ለዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው። ኮሪደሩ ላይ፣ ከቤት ስልኩ ሥር ያለው ሳጥን።"

"እሱ ሳጥን ታዲያ መልእክቱን አላደርስም ሊል ይችላል?"

ታናሹ ፈገግ አለ። ላፕቶፑን ከፍቶ የይለፍ ቃሉን ጻፈና ስክሪኑን ወደ እንግዳው አዞረለት። "ሴቲንጉ ይኸው። ቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ተዘርዝሯል፤ ስልኮቹ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የእናቴ መጥሪያ። የታገደ ነገር ቢኖር 'ታግዷል' ይል ነበር። ያያሉ? የለም።"

"የለም" አለ አባ ቀስ፣ አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ ሊለጥፍ ትንሽ ሲቀረው። "ከእርስዎ ሌላ የይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል?"

"ማንም። እህቴ ማብሪያውን እንኳ አታውቀው። ከውጭ ሆኖ የሚገባም የለም፤ ቤት ውስጥ ካልሆኑ አይከፈትም። ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ።"

"እስቲ ይጻፉልኝ፣ ለፋይሉ።"

ታናሹ ሳያቅማማ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈለት። "ከፈለጋችሁ ዓመት ሙሉ እዩት" አለ። አባ ቀስ አመስግኖ ወጣ፤ ደረጃውን ሲወርድ ግን አፉ ምርር ብሎት ነበር፤ ያለችው ተስፋ ይቺ ነበረችና።

ከጣቢያው ጀርባ ባለችው የሬዲዮ ክፍል የሚሠራውን ሰው ሽቦ ይሉታል። ቀኑን ሙሉ ከተበላሹ መገናኛዎች ጋር ስለሚውል ከሰው ጋር ማውራት ያሰኘዋል። አባ ቀስ የሆነውን ሁሉ ሲነግረው ብየዳውን ሳያቆም ሰማው።

"ሴቲንጉን አሳየኝ አልክ?" አለ በመጨረሻ። "የትኛውን?"

"የትኛውን ማለት?"

"የሚሠራውን ነው ወይስ የተቀመጠውን?"

አባ ቀስ ማስታወሻውን ከኪሱ አወጣ።

"አየህ ጋሼ፣ ሳጥኑ ሁለት ደብተር አለው በለው። አንደኛው አሁን የሚሠራበት ነው። የፈለግከውን ጻፍበት፣ ወዲያው ይታዘዝሃል፤ ከተነቀለ ግን ድራሹ ይጠፋል። ሁለተኛው 'አስቀምጥ' ብለህ ያስቀመጥክበት ነው። ቢነቀል አይነካም። እንደገና ሲነሳ ከሁለተኛው ገልብጦ ነው ሥራ የሚጀምረው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ያስተካክልና ሁለተኛውን ይረሳዋል። እኔ ራሴ ስንቴ ጉድ ሆኛለሁ መሰለህ!"

"ሁለተኛውን ማየት ይቻላል?"

"ለምን አይቻልም! ቃሉ አለህ አይደል? በአንድ መስመር ትእዛዝ ይወጣል።"

"ብየዳህን አቁምና ተነስ" አለው አባ ቀስ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እሱን ሲቸኩል ያየው ሰው የለም፤ ሽቦ እንኳ ደንግጦ ተነሳ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ታናሹ የእናቱን የሞት ወረቀት ሊያወጣ ሲወጣ እህትየዋ በሩን ከፈተችላቸው። ሽቦ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኮ ላፕቶፑን ከሳጥኑ ጋር አገናኘ። መጀመሪያ የሚሠራውን አወጣ። ምንም የለበትም፤ ታናሹ እንዳሳየው ነው። ቀጥሎ የተቀመጠውን አወጣ፤ መስመሮቹ ወደ ላይ ሄዱ። ሽቦ ጣቱን አንዱ ላይ አሳረፈና ፉጨቱን አቆመ።

"ይኸውልህ። የእናት መጥሪያ፣ ታግዷል።"

ሳጅኗ "በስመ አብ!" አለች።

"መቼ ነው የተቀመጠው?" አለ አባ ቀስ።

"ከላይ አለ። የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ።"

እህትየዋ ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ፣ በአራት ሰዓት ነው እናቷን ጠቁራ ያገኘቻት።

"ማታውን እገዳውን ከሚሠራው ላይ አንስቶታል" አለ ሽቦ። "ለዚህ ነው ደወሉ መልሶ የሠራው። የተቀመጠው ላይ ግን እንዳለ ተወው። ሳጥኑ ተነቅሎ በተሰካ ቁጥር እገዳው ይመለሳል።"

"መብራት ሲጠፋም?" ስትል ሳጅኗ ጠየቀች።

"መብራት ቢሄድ ይሄ አይጠፋም" አለች እህትየዋ ከወለሉ ላይ። "ከእማዬ ማሽን ጋር ባትሪ ላይ ነው የተያያዘው። ወንድሜ ነው ያያያዘው።"

ሽቦ ሌላ ትእዛዝ ሰጠ። "እውነቷን ነው። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተነቀለው። ረቡዕ፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ።"

"ታዲያ ሲመጣ እገዳውን ደግሞ አንስቶ ነው ሐሙስ 'ሞክሩት' ያለን" አለች ሳጅኗ። "ግን ለምን አብሮ አላስቀመጠውም? ቢያስቀምጥ ምንም ምልክት አይገኝም ነበር።"

"ቢያስቀምጥ የረቡዕ ማታ ቀን ይጻፍበታል" አለ አባ ቀስ። " ያን ማታ ቃሉን የሚያውቅ ስንት ሰው እዚህ ነበር? ደግሞስ ከእንግዲህ ማን ይደውላል ብሎ ይሆናል።"

እህትየዋ በእጇ ፊቷን ሸፈነች። አባ ቀስ የተናገረው ከነከነው፤ ግን የተናገሩት አይመለስም።

ሳጅኗ ጣቶቿን ታጥፍ ጀመር። "እሱ ረቡዕ ጠዋት ሌላ ከተማ ነው። እህትየዋ ፋርማሲ። አዋላጇ አልጋ ላይ። የቀረችው ሞግዚቷ ናት። ሳጥኑን የነቀለችው እሷ ናት ማለት ነው!"

"እሷ ናት" አለ አባ ቀስ። "አንቺ ቤት ኢንተርኔት ሲቆም ምን ታደርጊያለሽ?"

"ነቅዬ እሰካዋለሁ።"

"ማን አስተማረሽ?"

"ባሌ። ቢሮ ሆኖ ይደውልና 'እስቲ ነቅለሽ ሰኪው' ..." ሳጅኗ ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ሁሉም ከሳጥኑ በላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤት ስልክ ተመለከቱ።

እህትየዋ ሳትጠየቅ ተናገረች። ሐሙስ ዕለት ጠበቃ ይመጣ ነበር፤ እናትየው ሊፈርሙ ነበር፤ ሞግዚቷ በሕይወት እስካለች ድረስ ከጓሮዋ ክፍል ማንም አያስወጣትም፣ ቤቱም አይሸጥም የሚል ወረቀት። "እኔም መሸጡን እፈልግ ነበር፤ አልዋሽም" አለች። "ወንድሜ ግን የዛሬ ወር ነገሩን ሲሰማ 'ለሠራተኛ ብለን ልንታሰር ነው?' ብሎ እራቱን ትቶ ተነሳ።" ሞግዚቷ ስለዚህ ወረቀት የምታውቀው ነገር አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ የስልክ ድርጅቱ መልስ መጣ። ረቡዕ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ላይ፣ ሥልጠናው ከሚሰጥበት ሕንጻ የእንግዳ መቀበያ ስልክ፣ ወደዚያ ቤት ስልክ ተደውሏል። ሦስት ደቂቃ ይሆናል። ምን እንደተባለ ግን ማንም አልመዘገበውም።

ታናሹ ጣቢያ ሲጠራ መጣ። ወረቀቶቹን አንድ ባንድ አየ፤ ፊቱ ለቅጽበት እንኳ አልተለወጠም።

"እናቴን ለመግደል ስሞክር ነበር ልትሉኝ ነው? ማክሰኞ ዕለት ሴቲንግ ሳስተካክል ተሳስቼ የእሷን መጥሪያ አግጃለሁ። ማታ አየሁና አነሳሁት። ማስቀመጡን ረሳሁ። ይሄ የዘወትር ስህተት ነው፤ ባለሙያ ጠይቁ።"

"ረቡዕ ማታስ?"

"ረቡዕ ምንም አልነካሁም። ደወሉን ሞክሩ ያልኳችሁ ራሴ አይደለሁም እንዴ?"

"ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ላይ ስልክ ደውለሃል" አለ አባ ቀስ። "እርስዎ" ማለቱን ትቶታል።

"እናቴ እንዴት አደረች ብዬ ጠይቄያለሁ። ወንጀል ነው?"

"'ሳጥኑን ንቀይው' ብለሃታል።"

ታናሹ ወደ ኋላ ተደግፎ እግሩን አነባበረ። "ማን አለ? እሷ ናት ያለችው?"

አባ ቀስ ወረቀቶቹን ሰበሰበ።

"አላለችም አይደል? አትልማ። ጠይቋት እስቲ፣ ዓመት ሙሉ ጠይቋት። እኔ ላይ አፏን የምትከፍት ይመስልሃል? ያቺን ሴት ብትሰቅሏት ገመዱ እንዳይጎዳኝ ነው የምታስበው።" ሳቅም አለ፤ እናቱን በቀበረ በሦስተኛ ቀኑ።

ሳጅኗ ከክፍሉ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን በጡጫ መታች።

እውነቱን ነበር፤ አትናገርም። እሑድ ሙሉ ቀን አባ ቀስ ሞግዚቷ ፊት ተቀምጦ ዋለ።

"ሳጥኑን ማን ንቀይ አለዎት?"

"ማንም። አቧራ ስጠርግ ነክቼው ይሆናል።"

"ስልክ ተደውሎ ነበር።"

"በስህተት የተደወለ ነው።"

"ሦስት ደቂቃ ሙሉ በስህተት?"

"ጌታዬ፣ ልጁን ተዉት። እናቱ ሞታበታለች። ደወሉን ያልሰማሁት እኔ ነኝ፤ እኔው ልታሰር። የምሄድበት አለኝ ብለው ነው?"

"የረገጡት ወጥመድ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?"

"አላውቅም። ማወቅም አልፈልግ" አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች። አዛዡ በሚቀጥለው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፋይሉን እንደሚወስድ፣ እሷም በዚያው ፋይል ተጠቅልላ እንደምትሄድ አባ ቀስ ያውቃል። የቀረችው አንዲት መንገድ ናት፤ እሷን ደግሞ ሲያስባት ራሱን ጠላ።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ወረቀት ይዞ ገባ። ሳጅኗን ተከትላው ልትገባ ስትል "አንቺ አትግቢ፤ ይሄን ባትሰሚው ይሻልሻል" አላት።

"ላነብልዎ ነው" አላት ሞግዚቷን። "ታናሹ ሐሙስ የሰጠው ቃል ነው።"

እሱም ሳይቸኩል፣ ቃል ሳይዘል አነበበላት።

"'ይህች ሴት በቤታችን ስትኖር ከሥራ ይልቅ መብላትና መተኛት የምትወድ ሰነፍ ናት። በልጅነቴ እኔንም ትመታኝ ነበር። እናቴ በርህራኄ አቆየቻት እንጂ ቤተሰቡ ሲጸየፋት ነው የኖረው። ደወሉን አውቃ እንደዘጋችው እምላለሁ። ዕድሜዋ ታይቶ ቅጣት እንዳይቀልላት እጠይቃለሁ።'"

ሞግዚቷ ወደ ወረቀቱ ተጠጋች።

"ትመታኝ ነበር ይላል?"

"ይላል።"

"እሱ ራሱ ነው ያለው? እናንተ ጨምራችሁበት እንዳይሆን።"

ወረቀቱን ሰጣት። ፊርማውን አየችው፤ በጣቷ ዳሰሰችው። ማልቀስ ፈልጋ ዓይኗ እምቢ አላት።

"አንድ ቀን በጥፊ መትቼዋለሁ" አለች። "በአራት ዓመቱ። ወደ መኪና መንገድ ሲሮጥ ያዝኩትና ከድንጋጤዬ መታሁት። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሁሉ አቅፌው አለቀስኩ።"

አባ ቀስ ወረቀት አመቻቸ፣ ብዕሩን ከፈተ።

"ደውሎ ነበር" አለች። "ስልኩን ሳነሳ 'እታለም' አለኝ። ልጅ እያለ እንደዚያ ነበር የሚለኝ። በስምንት ዓመቱ ጓደኞቹ 'ሠራተኛችሁን እታለም ትላለህ እንዴ' ብለው ሳቁበትና ተወው። ከዚያ ወዲህ ስም የለኝም፤ 'አንቺ' ነኝ። ረቡዕ ግን 'እታለም፣ ደህና አደርሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ?' አለኝ።"

"ከዚያስ?"

"'የቤቱ ኢንተርኔት ከዚህ ሲታይ ቆሟል፤ ከስልኩ ሥር ያለችውን ሳጥን ንቀይና እስከ አሥር ቆጥረሽ መልሰሽ ሰኪያት። ለእህቴ እንዳትነግሪያት፣ በከንቱ ትጮህብኛለች' አለኝ። ቆጠርኩ። እንዳላበላሽበት ብዬ እስከ ሃያ ቆጠርኩ።" ቀና ብላ አየችው። "ምን ነበር እሱ ሳጥን?"

ሊዋሽላት ይችል ነበር። ግን ፍርድ ቤት ቆማ ከሌላ አፍ ብትሰማውስ? ነገራት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በቀላል ቃል ነገራት።

"ባልነቅለው ኖሮስ?"

"ደወሉ ይጮኽ ነበር።"

ራሷን ነቀነቀች፤ ዋጋ እንደተነገረው ገበያተኛ። አባ ቀስ የጻፈውን አነበበላትና የጣት አሻራ የምታሳርፍበትን ቀለም አቀረበላት። በዚህ ወረቀት እሷ ትፈታለች፣ ልጁ ይታሰራል። የአዛዡ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ይሰማል።

እጇን ግን አላነሳችም። "አንድ ነገር አልጻፉም" አለች።

"ምን ቀረ?"

"ደስ ብሎኝ እንደነቀልኩት አልጻፉም።"

"እሱ እንኳ ለፍርድ ቤቱ አያስፈልግም፣ እናቴ።"

"ይጻፉት። ሰክቼው ጓሮ ተመለስኩና፣ በስሜ ጠራኝ እያልኩ፣ አንሶላውን እያጠብኩ ሳንጎራጉር ነበር። እሳቸው ወለሉ ላይ ሲሳቡ እኔ እየዘፈንኩ ነበር። እሱንም ይጻፉ።"

አባ ቀስ ብዕሩን አነሳና ጻፈው።